የደጋ መንገድና የሞተር ጌጅ፡- በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

መግቢያ

በአገራችን የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ተራራውን ስለ ቆረጠው፣ ድልድዩን ስለ ሠራውና መንገዱን ስለ መረቀው ሰው ነው። በዚያ መንገድ ላይ ዕለት ዕለት ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሰው ሞተር ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ዘይቱ በምን ያህል ግፊት እንደሚዘዋወር፣ አየሩ ለናፍጣው ይበቃው እንደሆነ የሚያስረዳው ታሪክ ግን ሳይጻፍ ቆይቷል። የሞተርን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሾፌሩና መካኒኩ ሲሆኑ፣ የእነርሱም ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ በወረቀት ላይ የሰፈረው ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚሠሩትን የናፍጣ ፒክአፕ መኪናዎች መነሻ በማድረግ፣ ፋብሪካው ከሰጣቸው ሌላ በተጨማሪ የሚገጠሙላቸው የሞተር ጌጆች ከየት እንደመጡ፣ ለምን እንዳስፈለጉና እንዴት መገጠም እንዳለባቸው ማስረዳት ነው። አንባቢው ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ይዞ እንዲሄድ እንፈልጋለን። ይኸውም ማንኛውም መለኪያ የሚናገረው ልኩ የተቆረጠለትን አገር ቋንቋ ስለሆነ፣ በሌላ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ለራሱ ተርጉሞ ሊያነበው ይገባል የሚል ነው።

አገሩና አየሩ

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚነሣው ከጣና ሐይቅ አጠገብ ካለው ከፎገራ ሜዳ ነው። እዚያ ላይ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር ሲደርስ 2700 ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያም ቁመቱ ከ4100 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ ታክኮ ወደ ላይ ጋይንት ይገባና ነፋስ መውጫ ላይ ወደ 3100 ሜትር ይጠጋል። የከተማይቱ ስም ራሱ የአየሩን ጠባይ ይመሰክራል። ከዋናው መንገድ በስተደቡብ እስቴ፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኛሉ። መካነ ኢየሱስ፣ አርብ ገበያና ወገዳ የተባሉት ዋና ዋና ከተሞቻቸው በከፍታው ላይ የተቀመጡ ሲሆኑ፣ አገሩ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ እየተቆረጠ ሲወርድ ከ1500 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ይደርሳል። እንግዲህ በዚህ አገር የሚሠራ ተሽከርካሪ በአንድ ጉዞ ውስጥ ደጋውንም ቆላውንም ሊያይ ይችላል ማለት ነው።

ይህ የከፍታ ልዩነት ለሞተር ሁለት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው የአየር ጉዳይ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በ3100 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 70 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በነፋስ መውጫ የሚተነፍሰው አየር በወደብ ከሚተነፍሰው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም። ለከፍታ የሚያስተካክል መሣሪያ ካልተገጠመለት በስተቀር፣ በወደብ ይሰጥ የነበረውን ያህል ናፍጣ መስጠቱን ይቀጥላል። የተትረፈረፈው ናፍጣ ከፊሉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉም ዘግይቶ ስለሚነድ ከሲሊንደር የሚወጣውን ጭስ ከመጠን በላይ ያሞቀዋል።

ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በደብረ ታቦር በ91 ዲግሪ ገደማ፣ በነፋስ መውጫ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ደኅና ሲሆን ውሃውን በግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። በላዩ 0.9 የሚል የተጻፈበት ክዳን በነፋስ መውጫ ውሃው እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያስችለዋል። ነገር ግን የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊቱን መያዝ ካቃተው፣ ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ሥራውን የሚጀምረው ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል እንደ መሆኑ መጠን፣ በጤናማው ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ርቀት እጅግ ጠባብ ይሆናል። በቆላ አገር በቀላሉ የሚታለፍ የአንድ ክዳን ጉድለት በደጋው ላይ ሞተር የሚገድል ጉድለት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመድፉ መንገድ እስከ ቻይና መንገድ

በዚህ አገር ላይ ለመንኮራኩር ተብሎ የተቆረጠው ስመ ጥሩ መንገድ የዳግማዊ ቴዎድሮስ መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ በአቅራቢያው በጋፋት የተሠሩትን መድፎች በሠረገላ አስጭነው ነበር። ከመካከላቸው ሴባስቶፖል የተባለው ብቻውን 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ጉዞው በጋይንት አድርጎ፣ የጨጨሆን ገደል አልፎ፣ በዋድላና በደላንታ አምባ ላይ ተሻግሮ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርዶና ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር 1860 ዓ.ም. ነው። አንድ ፈረሰኛ በጥቂት ቀን የሚያልፈው መንገድ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። ዐለቱ በባሩድ እየተሰነጠቀ፣ ገደሉ እየተቆረጠ፣ ሠረገላው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር የተሄደው። ከሰሜን የመጣው የጄኔራል ናፒር ጦር የጅዳን ሸለቆ ሲወርድ የተጠቀመው ንጉሡ ባሠሩት በዚሁ መንገድ እንደነበረ ልብ ሊባል ይገባል።

ለመሐንዲስ የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። ጨጨሆ ላይ የዳገቱን ትክክለኛ ዋጋ ያስታወቀው ሸክሙ ነበር። በእግሩና በበቅሎው ለሚሄድ ሰው ተራራው ድካም ብቻ ነው፤ 7 ቶን ለሚጎትት ሰው ግን በየክንዱ የሚከፈል ሒሳብ ነው። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ የሚሄደው ሞተር የሚከፍለው ሒሳብም ያው ነው፤ ልዩነቱ ሰዎቹ ላባቸውን በግልጽ ሲያፈስሱ ሞተሩ የሚሞቀው በኮፈን ሥር ተሸፍኖ መሆኑ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ወደ ጎንደር አገር ግን ሞተር በብዛት የመጣው በወረራ ነበር። በስታራቼ የሚመራው የፋሽስት ኢጣልያ የሞተር ሰልፈኛ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን የኢጣልያ ፋብሪካዎች ፊያትና ላንቺያ በናፍጣ የሚሠሩ ከባድ የጭነት መኪናዎችን ማውጣት ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መኪናዎቹ ከነቃላቸው ቀሩ። ዛሬ በየጋራዡ የምንሰማቸው ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ባልስትራ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን የተባሉት ቃላት ሁሉ የኢጣልያንኛ ልጆች ናቸው። ጌጅ የሚለው ቃል ግን የእንግሊዝኛ ነው። የሞተሩን አካል የሰየምንበት ቋንቋ አንድ፣ ጤንነቱን የምንመረምርበትን መሣሪያ የሰየምንበት ቋንቋ ሌላ መሆኑ ሁለቱ ዕውቀቶች በተለያየ በር እንደ ገቡ ያመለክታል።

ከነፃነት በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም መንገድ ሥራ የመንግሥት ቋሚ ተግባር ሆነ። ይሁን እንጂ ጋይንትን ከምዕራብም ከምሥራቅም ጋር በሚገባ ያገናኘው መንገድ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው የቻይና ብድር፣ ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጠጠር መንገድ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ተጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተፈጸመ። ሕዝቡም ስሙን የቻይና መንገድ አለው፤ በኋላ አስፋልት ከለበሰም ወዲህ ይኸው ስም አልተወውም። የእስቴና የስማዳ ገጠር ግን በአብዛኛው የሚገናኘው ከዚህ ግንድ ተገንጥለው ወደ ደቡብ በሚወርዱ የጠጠርና የአፈር ቅርንጫፎች ነው።

በእነዚህ ቅርንጫፎች ላይ ነው እንግዲህ ፒክአፕ ዋጋ ያገኘው። ከባድ መኪና የማይገባበት፣ በክረምት ጭቃ የሚውጠው፣ በበጋ አቧራ የሚሸፍነው መንገድ ለቶዮታ ሃይሉክስና ለላንድ ክሩዘር ተተወ። የእርሻ ባለሙያውን፣ የክትባቱን ሳጥን፣ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ፣ የምርጫውን ኮሮጆ፣ ምጥ የያዛትን እናት የሚያመላልሰው ይኸው ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በድርቅ በተደጋጋሚ የተጎዱ፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም የደረሳቸው ወረዳዎች መሆናቸው ሲታሰብ፣ በዚህ አገር የአንድ ሞተር መቃጠል የአንድ መሥሪያ ቤት ኪሣራ ሆኖ ብቻ እንደማይቀር ይታወቃል።

የመለኪያው ትውልድ

ዛሬ በዳሽቦርድ ላይ የምናያቸው መለኪያዎች ከአውቶሞቢል በዕድሜ ይበልጣሉ። ጀርመናዊው ዘቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነት ብረቶች ጫፍና ጫፋቸው ተያይዞ አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አስተዋለ። የጭስ ሙቀት የሚለካበት ቴርሞካፕል ከዚህ ግኝት የተወለደ ነው። ፈረንሳዊው ቡርዶን ደግሞ በ1849 እ.ኤ.አ. ጠፍጠፍ ያለና የተጠማዘዘ የብረት ቱቦ ውስጡ ግፊት ሲገባ ለመቃናት እንደሚጣጣር ተረድቶ፣ ያንን እንቅስቃሴ ወደ መርፌ አስተላለፈ። ለእንፋሎት ማሽን የተሠራው ይህ ብልሃት የዘይት ግፊት ጌጅ አባት ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የመጀመሪያውን የተሳካ ሞተሩን በ1897 እ.ኤ.አ. ሲያስመሰክር ሁለቱም መለኪያዎች አርጅተው ነበር ማለት ይቻላል።

በተሽከርካሪ ላይ በተጨማሪ የሚገጠም የሞተር ጌጅ ታሪክም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦይስ ሞቶሜትር የተባለ ቴርሞሜትር በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ይህ መሣሪያ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ተሰክቶ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ በመስተዋት በኩል የሚያየው ነበር። ባለመኪናው ፋብሪካው ያልነገረውን ነገር ለማወቅ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የሚተክለው ስለነበረ፣ የዛሬው ተጨማሪ ጌጅ ቀጥተኛ ቅድመ አያት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አስገራሚ ነው። ፋብሪካዎች ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጌጁን በማስጠንቀቂያ መብራት መተካት ጀመሩ። ምክንያታቸው መብራት ርካሽ መሆኑና ተራው ሾፌር በመርፌ መወዛወዝ እየተደናገጠ ወደ ጋራዥ መሮጡን እንዲተው መፈለጋቸው ነበር። ዘይት ሲጎድል የሚበራው መብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ወዳለው ሲወርድ ነው። በዚህን ጊዜ ሞተሩ በጭነት ላይ ከሆነ ኩሽኔታዎቹ አስቀድመው ተጎድተዋል። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ያለው የውሃ ሙቀት ጌጅም ቢሆን መርፌው በሰፊ የሙቀት መጠን ውስጥ መሐል ላይ ጸጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ሾፌሩ መሐሉን አይቶ ሰላም ነው ይላል፤ መርፌው ከመሐል የሚነሣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ አሠራር በቆላና በሜዳ ብዙ ችግር ላያመጣ ይችላል። በ90 ዲግሪ ውሃ በሚፈላበት አገር ግን፣ በፋብሪካው ጌጅ ላይ መሐል የተባለው ቦታ ውሃው እየፈላ ያለበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ጆሮና ምልክት

ጌጅ ሳይኖር ሾፌሮቻችን ያን ያህል ዘመን እንዴት ሠሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ በሰውነታቸው ለኩት የሚል ነው። ኤንትሬ የተባለውን የፊያት መኪና ሲነዱ የኖሩት የቀድሞ ሾፌሮች ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ማርሽ ይቀንሱ ነበር። የዘይት ሽታ፣ የጭስ ቀለም፣ በእግራቸው ሥር ያለው የወለሉ ትኩሳት፣ የመሪው መንቀጥቀጥ ሁሉ ለእነርሱ መልእክት ነበረው። ረዳቱም በሾፌሩ አጠገብ እየተቀመጠ ይህን ዕውቀት በዓመታት ይማር ነበር። እንደዚህ ያለውን ዕውቀት መናቅ የሚገባ አይደለም። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰውየው ሲለወጥ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የዛሬው ፒክአፕ ድምፁ የታፈነ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ኃይሉም ብዙ በመሆኑ ለጆሮ የሚተርፈው ምልክት አንሷል።

በጋይንት ምድር ይህንን ነገር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የድጓ ምስክር የሚገኝባት ቤተልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት ነው። ዜማው ለብዙ ዘመን በቃል ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንዳበጁለት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ምልክቱ የመሪጌታውን ጆሮ ከሥራ አላሰናበተም፤ ደቀ መዝሙሩ ዛሬም ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። ምልክቱ የሰጠው ጥቅም አንዱ መምህር የሰማውን ሌላው በሌላ ዘመን ሊያርመውና ሊያጸናው መቻሉ ነው። ጌጅም ለሾፌር እንዲሁ ነው። ጆሮው የሚያውቀውን ነገር በቁጥር አድርጎ ለተከታዩ ሾፌር፣ ለመካኒኩና ለመሐንዲሱ የሚያደርስ ምልክት ነው።

ስለ አገጣጠሙ

ጌጅ መግጠም ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በግዴለሽነት የተገጠመ ጌጅ ከሌለው የባሰ ነው። ሾፌሩ የሚያምነው ሐሰተኛ ምስክር ይሆናልና። ስለዚህ በዚህ አገር ላይ ለሚሠራ የናፍጣ ፒክአፕ አስፈላጊ የሆኑትን መለኪያዎች በየተራ እንመልከት።

መጀመሪያ የሚመጣው የውሃው ሙቀት ነው። ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የላይኛ ክፍል በሚሄደው የጎማ ቱቦ መካከል በሚገጠም የብረት መጋጠሚያ ላይ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ከሆነ ከመጋጠሚያው ወደ ሞተሩ አካል የተለየ የምድር ሽቦ መሳብ ይገባል። ይህ ከተዘነጋ መርፌው እንደ ፈለገ ይዋልላል። ከዚህ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ውሃው የፈሰሰ እንደሆነ የሚሆነው ነገር ነው። ሴንሰሩ በውሃ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በእንፋሎት ወይም በአየር ውስጥ ስለሚንጠለጠል፣ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ሙቀቱ ቀነሰ ሊል ይችላል። በመሆኑም የቴስታታውን ብረት ራሱን የሚለካ፣ ከአንድ ብሎን ሥር የሚታሰር ሁለተኛ ሴንሰር ማኖር ጠቃሚ ነው። ብረት ውሃ ኖረም አልኖረም እውነቱን ይናገራል።

ሁለተኛው የዘይት ግፊት ነው። ሴንሰሩ የፋብሪካው ሴንሰር ባለበት ቀዳዳ ላይ ሦስት አፍ ባለው መጋጠሚያ አማካይነት ይገባል። የፋብሪካው መብራት ሥራውን መቀጠል ስላለበት መነሣት የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት የጥርስ ጉዳይ አለ። የጃፓን መኪናዎች የአንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ በእንግሊዞች ደረጃ በአንድ ኢንች 28 ሲሆን፣ ብዙ የአሜሪካ ጌጆች የሚመጡበት ጥርስ ግን 27 ነው። ሁለቱ ለጥቂት ዙር ያለ ችግር ስለሚገቡ ትክክል ይመስላሉ፤ ከዚያ በኃይል ሲጠብቁ ጥርሱ ይበላል፣ ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ዘይት ያንጠባጥባል። በጠጠር መንገድ ንቅናቄ ላይ ረጅም መጋጠሚያ ተንጠልጥሎ ከተተወም ይሰበራል፤ ስለዚህ ሴንሰሩን በተጣጣፊ ቱቦ ከሞተሩ አርቆ በአካሉ ላይ ማሰር የተሻለ ነው። ዘይቱን ራሱን በቀጭን ቱቦ ወደ ካቢና የሚያመጡ የቆዩ ጌጆች አሉ። ትክክለኛነታቸው የሚመሰገን ቢሆንም ቱቦው ሲበሳ የፈላ ዘይት በሾፌሩ እግር ላይ ስለሚፈስ ለዚህ መንገድ አይመከሩም።

ሦስተኛው የጭስ ሙቀት ነው። ከላይ እንደተገለጸው በደጋ ላይ አየር ስለሚያንስ በናፍጣ ሞተር ላይ ከሁሉ በፊት የሚያስጠነቅቀው ይህ ነው። የውሃው ሙቀት የሚጨምረው ቀስ በቀስ ሲሆን የጭሱ ሙቀት ግን ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ይናገራል። ቴርሞካፕሉ በቱርቦው ፊት፣ በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ ቢገባ እውነተኛውን ሙቀት ይሰጣል፤ ከቱርቦው በኋላ ከገባ ግን በጭነት ጊዜ ከ100 ዲግሪ በላይ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ማኒፎልዱ ሲበሳ የብረት ብናኝ ወደ ቱርቦው ገብቶ ምላጮቹን እንዳያበላሽ ማኒፎልዱን ፈትቶ በጠረጴዛ ላይ መብሳት ይመረጣል። መሣሪያው የሚያመነጨው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ በ700 ዲግሪ ላይ እንኳ 29 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ሽቦ ቆርጦ በተራ መዳብ መቀጠል ንባቡን ያሳስተዋል። ብዙ ባለሙያዎች በረጅም ዳገት ላይ ሊታለፍ አይገባም የሚሉት ወሰን ከቱርቦው በፊት 700 ዲግሪ ገደማ ነው። የፒስቶኑ አሉሚኒየም የሚቀልጠው ከዚህ በታች ባለ ሙቀት መሆኑን ስናስብ፣ ወሰኑን ማክበር ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባናል።

አራተኛው የቱርቦ ግፊት ነው። እዚህ ላይ የከፍታው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ጌጁ የሚያሳየው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በወደብ 1 ባር ሲል ሞተሩ የሚያገኘው 2 ባር ያህል ሲሆን፣ በነፋስ መውጫ ያንኑ 1 ባር ሲል ሞተሩ የሚያገኘው 1.7 ባር ገደማ ነው። መርፌው አንድ ቦታ ቢቆምም አየሩ አንድ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ጌጁ ሙሉ ነው ብሎ ናፍጣውን ቢያስጨምር ሞተሩን በገዛ እጁ ያቃጥለዋል።

በመጨረሻ የኤሌክትሪኩ ሥራ አለ። ከመጀመር በፊት መኪናው ባለ 12 ወይም ባለ 24 ቮልት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ኃይሉ ከቁልፉ በኋላ ከሚመጣ መስመር ተወስዶ የራሱ ፊውዝ ይደረግለታል። ሽቦው በብረት ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ በጎማ መከለያ ካልተጠበቀ በንቅናቄው ተልጦ እሳት ያስነሣል። ጌጁ የሚቀመጥበት ቦታም ሾፌሩ ዓይኑን ከገደሉ ሳያነሣ የሚያይበት ሊሆን ይገባል። ሥራው ካለቀ በኋላም የሙቀት ሴንሰሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መሞከር ይቻላል። ሙከራው በነፋስ መውጫ ከተደረገ ትክክለኛው ጌጅ የሚያሳየው 100 ሳይሆን ወደ 90 የሚጠጋ ቁጥር ነው። አገሩ ራሱ መፈተኛ ይሆናል ማለት ነው።

ቁጥሩን ስለ ማንበብ

የተገጠመ ጌጅ ካልተነበበ ጌጥ ነው። ለምሳሌ ከስማዳ ቆላ አንዲት ምጥ የጠናባትን እናት ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና እንውሰድ። ሾፌሩ የሚፈልገው መፍጠን ነው፤ ዳገቱ ረጅም፣ ማርሹ ዝቅተኛ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው። የፋብሪካው መርፌ መሐል ላይ ቆሟል። ይህ ሾፌር የጭሱን ሙቀት ቢያይ አንድ ማርሽ ቀንሶ፣ ነዳጁን ጥቂት አላልቶ፣ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ይደርሳል። ካላየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ለዚያች እናት በአሥር ደቂቃ መዘግየትና ከነጭራሹ አለመድረስ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ መኪና ከኪሎ ሜትሩ መዝገብ ጎን ጥቂት ቁጥሮችን ቢይዙ መልካም ነው። በታወቀ ዳገት ላይ፣ በታወቀ ማርሽና ጭነት፣ የውሃው ሙቀት፣ የጭሱ ሙቀትና የዘይቱ ግፊት ስንት እንደነበረ በወር አንድ ጊዜ መመዝገብ በቂ ነው። ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ዳገት ለዚህ መፈተኛ ሊመረጥ ይችላል። በዚያው ዳገት ላይ ባለፈው ወር 88 የነበረው ዛሬ 94 ቢሆን፣ ገና ምንም መብራት ሳይበራ ራዲያተሩ መታጠብ፣ ክዳኑ መለወጥ፣ ቺንጋው መጥበቅ እንዳለበት ይታወቃል። መዝገቡም ሾፌሩ ሲዛወር አብሮት አይዛወርም፤ ለሚተካው ሾፌር ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር ሸክምን ዳገት የማስወጣት ጥያቄ ከሴባስቶፖል ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በመጀመሪያ የሰው ጉልበትና ባሩድ፣ ቀጥሎ የቻይና መንገድ፣ ከዚያም የጃፓን ሞተር መጣ። መንገዱንም ሞተሩንም ከሌላ ጋር ተጋግዘን ወይም ከሌላ ገዝተን አገኘን። ሞተሩ በእኛ ከፍታ ላይ ምን እንደሚሆን የመለካቱ ሥራ ግን ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊሠራልን የማይችል ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት ጌጆች፣ ትክክለኛ ጥርስ ያለው መጋጠሚያ፣ ንጹሕ የምድር ሽቦና አንድ ደብተር ነው።

የማኅበራችን አባላት በየሚሠሩበት ቦታ ይህን መዝገብ ቢጀምሩና ያገኙትን ቁጥር ለባልንጀሮቻቸው ቢያካፍሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደጋው አገር የራሱ የሆነ የሞተር መለኪያ ሰንጠረዥ ይኖረዋል። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው በመርፌው ሥር የጻፈውን ቀይ መስመር እንዳለ ተቀብለን መኖራችን ይቀርና፣ የነፋስ መውጫን ቀይ መስመር ራሳችን እናሰምራለን።